ካርቦኔት ወይስ ሲትሬት? ካረጡ በኋላ አጥንታቸው ለሳሳ ሴቶች የካልሲየም አመራረጥ

ከውጭ አገር በሚመጣ ሻንጣ ውስጥ የካልሲየም ብልቃጥ አይጠፋም። ልጅ ለእናቷ ትልቁን መርጣ ትልካለች። እናትየዋ ግን ሰፈር ካለው ፋርማሲ ሌላ ዓይነት ገዝታ ጀምራለች። ጎረቤት ደግሞ «የኔ ይሻላል፣ ሆድ አይነፋም» ትላለች። ሦስቱም ላይ «ካልሲየም» ተብሎ ተጽፏል፤ ሰውነት ውስጥ የሚገቡበት መንገድ ግን የተለያየ ነው፣ እና ለአንዷ የሚስማማው ብልቃጥ ለሌላዋ ገንዘብ መጣያ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ማርካ አላወዳድርም። ማርካው ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ዋናው ካልሲየሙ ከምን ጋር ተጣምሮ እንደተሠራ፣ የምትወስደዋ ሴት ጨጓራ እንዴት እንደሆነ፣ ምግብ በስንት ሰዓት እንደምትበላ እና ሌላ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ነው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እናስቀምጥ። የአጥንት መሳሳት በምርመራ ከተረጋገጠ (ቲ-ስኮር የሚባለው የአጥንት ጥግግት ቁጥር ከዜሮ በታች 2.5 እና ከዚያ በላይ ከወረደ) ካልሲየም ብቻውን ሕክምና አይደለም። ሐኪም አሌንድሮኔት ወይም ሌላ የአጥንት መድኃኒት ካዘዘ ካልሲየሙ የዚያ ረዳት ነው። «ካልሲየም እየወሰድኩ ስለሆነ መድኃኒቱን ተውኩት» የሚባል ነገር የለም።

ካረጡ በኋላ ምን ይለወጣል?

የወር አበባ ሲቆም ኤስትሮጅን ይቀንሳል። ኤስትሮጅን ሲቀንስ አንጀት ካልሲየም የመሳብ አቅሙ ይዳከማል፣ በሽንት የሚወጣውም ይጨምራል። ሰውነት ደግሞ ደም ውስጥ ያለው ካልሲየም እንዲጎድል አይፈቅድም፤ ልብም ጡንቻም ነርቭም ያለሱ አይሠሩም። ስለዚህ የጎደለውን ከአጥንት ያወጣል። ይሄ መሸርሸር በጣም የሚፈጥነው ካረጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ከ5 እስከ 7 ዓመታት ነው።

ከ50 ዓመት በላይ ላለች ሴት በቀን የሚመከረው 1200 ሚሊ ግራም ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 1200 ማለት ምግቡም እንክብሉም ተደምሮ ነው እንጂ 1200 በእንክብል ማለት አይደለም። ከፍተኛው ጣሪያ ደግሞ 2000 ነው፤ ከዚያ በላይ መውሰድ አጥንቱን አያጠነክርም፣ ኩላሊት ላይ ጣጣ ያመጣል እንጂ።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ ንጹሕ ካልሲየሙ ነው። ካልሲየም ብቻውን እንክብል አይሆንም፣ ከሌላ ነገር ጋር ይጣመራል። ካልሲየም ካርቦኔት ውስጥ 40 በመቶው ብቻ ነው ካልሲየም። ሲትሬት ውስጥ 21 በመቶ፣ ላክቴት ውስጥ 13፣ ግሉኮኔት ውስጥ 9 በመቶ። ስለዚህ «1250 ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት» የሚል እንክብል የሚሰጣችሁ 500 ነው። ለቃር የሚታኘከው ታምስም ካርቦኔት ነው፤ 500 የሚለው ዓይነት 200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ብቻ ነው ያለው። አሜሪካ የሚሸጡ ብልቃጦች ጀርባቸው ላይ ንጹሑን ያስቀምጣሉ፣ ግን ሌላ ወጥመድ አለ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሁለት እንክብል ነው። ፊት ለፊት 630 ይላል፣ ጀርባውን ስታነቡት ለካ የአንድ እንክብል 315 ነው።

ሁለተኛው አሲድ ነው። አንዳንዱ ካልሲየም እንዲሟሟ የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ብዙም ግድ የለውም። ይሄ በእኛ አገር ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ጨጓራ የማያመው ሰው ማግኘት ይከብዳል፣ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ደግሞ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይወሰዳል። በዚያ ላይ ዕድሜ ሲገፋ የአንዳንድ ሰው አሲድ በራሱ ይቀንሳል።

ሦስተኛው በአንድ ጊዜ የሚወሰደው መጠን ነው። አንጀት በአንዴ ብዙ ካልሲየም ሲመጣበት የሚይዘው ድርሻ ይቀንሳል። ከ500 ሚሊ ግራም በላይ በአንዴ መዋጥ ትርፉ ትንሽ ነው። 1000 የሚያስፈልጋት ሴት ጠዋትና ማታ 500፣ 500 አድርጋ ብትወስድ ይሻላታል።

ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጡት የሆድ ምቾት፣ የኩላሊት ጠጠር፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር መጋጨት እና ዋጋ ናቸው። ዋጋውን ስታወዳድሩ ብልቃጥን ከብልቃጥ አታወዳድሩ። በቀን የሚያስፈልገውን መጠን ለማግኘት ስንት እንክብል እንደሚያልቅ ቁጠሩና ብልቃጡ ለስንት ቀን እንደሚበቃ አስሉ። ርካሽ የመሰለው ውድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ቫይታሚን ዲን መመዘኛ ውስጥ ያላስገባሁት የግድ ስለሆነ ነው። ያለ እሱ አንጀት ካልሲየምን በደንብ መሳብ አይችልም፣ የትኛውንም ዓይነት ብትገዙ። «አገራችን ፀሐይ ሞልቶ» ማለት አያዋጣም። ፀሐዩ መኖሩ ሳይሆን ቆዳ ላይ ማረፉ ነው ቁም ነገሩ፤ ነጠላና ረጅም ቀሚስ ለብሳ ቤት ውስጥ የምትውል እናት አታገኘውም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክረምት ደግሞ ጠቆር ያለ ቆዳ ላለው ሰው ይብሳል። እስከ 70 ዓመት በቀን 600 ዩኒት፣ ከ70 በላይ 800 ይመከራል፤ አጥንቱ ለሳሳ ሰው ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከ800 እስከ 1000 ያዛሉ።

ካልሲየም ካርቦኔት

በብዛት የሚገኘው፣ በዋጋም የሚረክሰው ይሄ ነው። ትልቁ ጥንካሬው 40 በመቶው ነው፤ አንድ እንክብል 500 ይሰጣል፣ ስለዚህ የእንክብሉ ቁጥር ያንሳል። በቀን አምስት ስድስት ዓይነት መድኃኒት ለሚውጡ እናቶች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ድክመቱ አሲድ መፈለጉ ነው። ከምግብ ጋር ወይም ምግብ እንዳበቃ ወዲያው መወሰድ አለበት። በ1985 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሬከር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ያወጣው ጥናት ነገሩን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ጨጓራቸው አሲድ የማያመነጭ ሰዎች ካርቦኔትን በባዶ ሆድ ሲወስዱ የገባው ከ5 በመቶ በታች ነበር። ከቁርስ ጋር ሲሰጣቸው ግን እንደ ጤነኛው ሰው ሆነ። ይሄን ሁለተኛውን ክፍል ብዙ ሰው አይነግራችሁም። «ኦሜፕራዞል የምትወስድ ሴት ካርቦኔት በፍጹም አይሆናትም» የሚባለው የተጋነነ ነው። በባዶ ሆድ አይሆናትም፣ እውነት ነው። ከደህና ምግብ ጋር ከሆነ ግን ይገባላታል። እኔ ግን ሁልጊዜ ከምግብ ጋር እንደምትወስደው እርግጠኛ ካልሆንኩ ለእሷ ካርቦኔት አልገዛም።

ሌላው ችግር ሆድ ነው። ካርቦኔት ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይለቃል፣ ስለዚህ መነፋትና ግሳት አለ። የሆድ ድርቀት ደግሞ ዋናው የማቋረጫ ምክንያት ነው። የተቋረጠ እንክብል ደግሞ የሚጠቅመው የለም። ድርቀት ከጀመረ መጠኑን ከፍሎ መውሰድና ውኃ ማብዛት አንዳንዷን ይረዳታል፣ ካልሆነ መቀየር ነው።

ጠጠርም አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ36 ሺህ በላይ ያረጡ ሴቶች የተሳተፉበት፣ ውጤቱ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት ነበር፣ ዊመንስ ሄልዝ ኢኒሺየቲቭ የሚባለው። በቀን 1000 ሚሊ ግራም ካልሲየም በካርቦኔት መልክ ከ400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ጋር የወሰዱት ላይ የኩላሊት ጠጠር በ17 በመቶ ጨመረ። ሴቶቹ ከምግባቸውም ብዙ ካልሲየም ያገኙ ስለነበር እላዩ ላይ ነው የተጨመረላቸው። ስለዚህ ምግቡን ሳይቆጥሩ እንክብል መደራረብ እንደማያዋጣ ከዚህ ይታያል።

ካልሲየም ሲትሬት

ሲትሬት አሲድ አይጠብቅም። ከምግብ ጋርም፣ በባዶ ሆድም ይገባል። ኦሜፕራዞል ወይም መሰል የአሲድ መቀነሻ ለሚወስዱ፣ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ላደረጉ፣ ምግብ ሰዓታቸው ለተዘበራረቀ ሰዎች ምቹ ነው። ሆድ ላይም ከካርቦኔት ይለዝባል። ጠጠር ለሚፈሩም ይመረጣል፤ ሲትሬት ራሱ ሽንት ውስጥ ጠጠር እንዳይሠራ የሚከላከል ነገር ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሲትሬት አይወስድም? 21 በመቶ ብቻ ስለሆነ። እንክብሉ ትልቅ ነው፣ ቁጥሩም ይበዛል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ከአንድ ካርቦኔት የምታገኙትን ለማግኘት ሁለት ሲትሬት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ለመዋጥ የሚቸገሩ እናቶች ሲያዩት ነው ፊታቸው የሚቀየረው። አዲስ አበባም ሁሉም ፋርማሲ ላይ አታገኙትም፤ ካርቦኔቱ ግን የትም አለ። አንድ ወር ከውጭ በተላከ ሲትሬት ጀምሮ ሁለተኛው ወር ላይ ማቋረጥ ከመጣ ከመጀመሪያውኑ እዚሁ በሚገኘው መጀመር ይሻላል።

ሲትሬት «በጣም የተሻለ ይገባል» ስለሚባለው፣ ጥናቶቹ አይስማሙም። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ የጥናቶች ድምር ሲትሬትን ከ22 እስከ 27 በመቶ አስቀድሞታል። ሌሎች ደግሞ ሁለቱም ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ልዩነት አላገኙም። ከምግብ ጋር በትክክል ለምትወስድ፣ አሲዷ ጤነኛ ለሆነች ሴት ለሲትሬት ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ግድ አይመስለኝም።

ምግቡ

ይሄ አማራጭ ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ ቢሆንም ከሁሉም መቅደም ያለበት እሱ ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 ሚሊ ግራም አለው፣ ከእሱም ሲሶው ገደማ ይገባል። እርጎም ለዚያ ይጠጋል። አይብ ግን እንደምናስበው አይደለም። አይባችን በኮምጣጣነትና በሙቀት ስለሚረጋ ካልሲየሙ ሟሙቶ ከአጓቱ ጋር ይሄዳል፤ ለፕሮቲን ብሉት፣ ለካልሲየም ግን ወተቱና እርጎው ይበልጠዋል።

ቅጠላ ቅጠል ላይ ደግሞ ጎመንና ቆስጣ አንድ አይደሉም። ቆስጣና ስፒናች ካልሲየም አላቸው፣ ግን ኦክሳሌት የሚባል ነገር አስሮ ይይዘዋል። ከስፒናች የሚገባው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጎመን ኦክሳሌቱ አነስተኛ ስለሆነ በውስጡ ያለው በደንብ ይገባል። ለአጥንት ከሆነ ጎመን ግዙ። ሰሊጥም በቁጥር ብዙ ካልሲየም አለው፣ ግን አብዛኛው ልጣጩ ላይ ያለና የታሰረ ነው።

ጤፍ ከስንዴና ከሩዝ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ በ100 ግራም ጥሬ እህል ወደ 180 ሚሊ ግራም። ፋይቴት የሚባለው ነገር የተወሰነውን ይይዘዋል፤ በእርሾ መቡካቱ ይሄን ፋይቴት ይቀንሰዋል። ስለዚህ በኩራት ብሉ፣ ግን ሂሳቡ ላይ ሙሉውን አትቁጠሩት።

ትልቁ ጉዳይ ጾም ነው። ወተትና እርጎ የሚጠፋባቸው ቀናት ከዓመቱ ግማሽ ገደማ የሚሆኑባት እናት፣ በፍስክና በጾም አንድ ዓይነት መጠን መውሰዷ ትርጉም የለውም። ከወተት ውጭ ያለውን የቀን ምግብ ለጥንቃቄ 300 ብላችሁ ያዙ። በፍስክ አንድ ብርጭቆ ወተት ከጠጣች 600 ደረሰ፣ አንድ የ500 እንክብል ይበቃታል። በጾም ወተቱ ሲቀር ቀሪው 900 ነው፣ ያኔ ሁለት። እንግዲህ የእንክብሉ ቁጥር እንደ ጾሙና እንደ ፍስኩ ይለዋወጣል ማለት ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት አለላችሁ፤ የተጨመረው ካልሲየም ሥሩ ላይ ስለሚዘቅጥ ሳትነቀንቁት እንዳትቀዱ።

ቡና? ጉዳቱ ጥቂት ነው፣ ተዉት። ጨው ይብሳል፤ ጨው ሲበዛ ካልሲየም በሽንት ይወጣል።

ሌሎቹ

ግሉኮኔትና ላክቴት ንጹሕ ካልሲየማቸው በጣም ስለሚያንስ ለዕለት ተዕለት አይመቹም፤ ግሉኮኔት ቦታው ሆስፒታል ውስጥ በደም ሥር ነው። እንደ ከረሜላ የሚታኘኩት ለስላሳዎቹ ብዙ ጊዜ ትራይካልሲየም ፎስፌት ናቸው፣ ስኳርም አላቸው። ውኃ ውስጥ የሚፈላው ዓይነት ለመዋጥ ለተቸገረ ሰው ጥሩ ነው፣ ግን ሶዲየሙ ከፍ ያለ ሊሆን ስለሚችል የደም ግፊት ያለባት ሴት ጀርባውን ታንብብ። «ከባሕር ዛጎል»፣ «ከአጥንት ዱቄት»፣ «ከኮራል» የሚባሉት የተፈጥሮ ስለሆኑ ይሻላሉ የሚባለው ወሬ ነው። ዛጎሉም ኮራሉም ዞሮ ዞሮ ካርቦኔት ነው፣ ከእነዚህ ምንጮች የተሠሩ አንዳንድ ምርቶች ላይ ደግሞ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል። በውድ የሚሸጥ ካርቦኔት መግዛት ለምን?

በአንድ እይታ

| | ካርቦኔት | ሲትሬት | ምግብ |
|---|---|---|---|
| ንጹሕ ካልሲየም | 40 በመቶ | 21 በመቶ | በብርጭቆ ወተት 300 ሚሊ ግራም ገደማ |
| መቼ | ከምግብ ጋር ብቻ | በማንኛውም ሰዓት | በየማዕዱ |
| ከኦሜፕራዞል ጋር | ከምግብ ጋር ካልሆነ አይሆንም | ይሆናል | ይሆናል |
| ሆድ | ድርቀት፣ መነፋት | ይለዝባል | ወተት የማይስማማት ካልሆነች ችግር የለም |
| የኩላሊት ጠጠር | ጥንቃቄ | ይመረጣል | ከእንክብል ይሻላል |
| የእንክብል ቁጥር | ትንሽ | ብዙ | የለም |
| ዋጋ | ርካሽ | ውድ | እንደ ኑሮው |

ለማን የትኛው?

በጀት ለጠበበባት፣ ጨጓራዋ ደህና ለሆነች፣ በቀን ሁለት ሦስቴ በሥርዓት ለምትበላ ሴት ካርቦኔት። ምንም ማፈር የለበትም፣ ከምሳ ጋር አንድ። ኦሜፕራዞል ለምትወስድ፣ ጠጠር ለወጣላት ወይም ካርቦኔት ላደረቃት ሴት አቅም ከፈቀደ ሲትሬት። ጠጠር ያለባት ግን ምግብ ውስጥ ያለውን ካልሲየም እንዳትቀንስ፤ ወተቱ ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ስለሚያስወጣ ይጠቅማታል እንጂ አይጎዳትም።

እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ካርቦኔት ከሆነ አንዱን እህል ስትቀምስ 9 ሰዓት ላይ፣ ሌላውን ከእራት ጋር ማታ። ረመዳን ላይ ኢፍጣርና ሱሁር ለሁለት መክፈያ የተመቹ ናቸው። አሌንድሮኔት በሳምንት አንዴ የምትወስድ ደግሞ ጠዋት በባዶ ሆድ በንጹሕ ውኃ ውጣ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳትተኛ፣ ሳትበላና ሌላ መድኃኒት ሳትወስድ መቆየት አለባት፤ ካልሲየሙ ከዚያ በኋላ ነው፣ አብሮ ከተዋጠ መድኃኒቱ አይገባም። ቀኑን ቅዳሜ ብታደርገው ከቅዳም ስዑር በቀር በሰዓት የሚጾምበት ቀን ስላልሆነ ጠዋት ውኃ ለመጠጣት አትቸገርም።

የታይሮይድ መድኃኒት (ሌቮታይሮክሲን) የምትወስድ ከካልሲየሙ ቢያንስ 4 ሰዓት ታራርቅ። የደም ማነስ ብረት የምትወስድም በተለያየ ሰዓት ትውሰድ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ ለፋርማሲስቱ «ካልሲየም እወስዳለሁ» ማለት አይረሳ። ዶሉቴግራቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ሁለቱንም ከምግብ ጋር አብራ መውሰድ ትችላለች፤ በባዶ ሆድ ከሆነ ግን ዶሉቴግራቪሩ ከካልሲየሙ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ መሆን አለበት። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ የቫይረሱ መድኃኒት ደም ውስጥ ያለው መጠን ይቀንሳል።

የኩላሊት ሕመም ያለባት፣ ደሟ ውስጥ ካልሲየም ከፍ ያለባት፣ ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የምትወስድ ሴት ሐኪሟን ሳታማክር የትኛውንም አትጀምር። በስድስት ወር አንዴ ዴኖሱማብ የሚባለውን የአጥንት መርፌ የምትወጋ ደግሞ በተቃራኒው ካልሲየሟንና ቫይታሚን ዲዋን ማቋረጥ የለባትም፣ ደሟ ውስጥ ያለው በድንገት ሊወርድ ይችላል።

ከውጭ የምትልኩ ልጆች፣ ከመግዛታችሁ በፊት ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «የጨጓራ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ እማዬ?» እና «ሌላ ጠዋት የምትውጪው ምን አለ?» ከዚያ ግዙ። ብልቃጡ ቫይታሚን ዲም ካለበት እሷ ለብቻው የሚሰጣት እንዳለ አጣሩ፣ እንዳይደራረብ።

እቤት ያለውን ካርቦኔት የተጠራጠራችሁ ደግሞ አንዱን እንክብል ትንሽ ነጭ ኮምጣጤ ውስጥ ጨምሩና አልፎ አልፎ እያማሰላችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ካልፈረሰ ጨጓራ ውስጥም የመፍረሱ ነገር አጠራጣሪ ነው፣ ሌላ ግዙ። የሚታኘከውን ዓይነት መፈተን አያስፈልግም፣ ጥርስ ይፈጨዋል።